«ይችላል» እና «ይችላሉ»

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሄድሴት፣ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው የስልክ ማዳመጫ፣ ከእኔ በፊት የነበረችውን ሴት ሽቶ ይሸት ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ 2005 ነው። ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም ሰፈር ውስጥ፣ ከትራሙ መስመር አጠገብ ያለ አሮጌ መጋዘን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የመኪና ጎማ ማከማቻ፣ ግማሹ የስልክ መጠይቅ ስቱዲዮ ሆኗል። እኔ የተቀጠርኩት በስልኩ ወገን ነው፤ የጎማው ሽታ ግን ለሁላችንም እኩል ይደርሰን ነበር።

የፕሮጀክት ኃላፊው ሄር ብሬነር ሥራውን በአምስት ደቂቃ አስረዳኝ። የሚደውለው ኮምፒውተሩ ነው። ጥያቄው ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ደዋይ ያነባል፣ መልሱን በቁጥር ይመታል። «አላውቅም» ላለ ሰው ዘጠና ስምንት፣ «አልመልስም» ላለ ዘጠና ዘጠኝ። «ቃል በቃል ያነባሉ» አለኝ። «አይጨምሩም፣ አይቀንሱም፣ አያብራሩም። ሰውየው ካልገባው ደግመው ያነባሉ።» ከዚያ አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር ሰጠኝ። ለሚቀጥሉት ዓመታት ስሜ እሱ ነበር።

ከጎኔ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጧል። ደስ የሚል ድምፅ አለው። ስለ ቅቤ ይጠይቃል፣ ይስቃል፣ ያመሰግናል፣ መልካም ቀን ይመኛል። እንደሱ መሆን ተመኘሁ። በኋላ ዓይኔ ስልኩ ላይ አረፈ። መስመር ሲገናኝ የምትበራ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች፤ የሱ አልበራችም። ልጁ ከማንም ጋር አልነበረም የሚያወራው። ለማንም አልተናገርኩም። ሳምንት ሳይሞላው ራሳቸው ደረሱበትና አባረሩት።

ጠርጣራነቱ ግን በዚያ ሥራ የመጣብኝ አይደለም፤ ድሮም ነበረብኝ። ባለቤቴ አበባ ይዞ ቤት ሲገባ «ምን አጥፍተህ ነው?» ብዬ የምቀበል ሴት ነኝ። ስቱዲዮው ያደረገው ነገር ቢኖር ለዚህ ጠባዬ ደመወዝ መክፈል ነው። በአራተኛ ዓመቴ ከደዋይነት ወደ ኮንትሮለርነት አሳደጉኝ። የኮንትሮለር ሥራ ደዋዮች ሳያውቁ መስመራቸው ውስጥ ገብቶ ማዳመጥ፣ መልስ ለሰጡት ሰዎች መልሶ እየደወሉ ማጣራት፣ በመጨረሻም ስለ ደዋዩ ቅጽ ሞልቶ መፈረም ነው።

በዚህ ሥራ ሐሰትን መለየት ተማርኩ። የፈጠራ መልስ ውስጥ «አላውቅም» አይገኝም፤ ውሸታም ሁሉን ያውቃል። እውነተኛ መላሽ ያስላል፣ ልጁን ይቆጣል፣ ድስት ሊያይ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን መጠይቅ በስድስት ደቂቃ የጨረሰ ደዋይ ካለ ቡናዬን አስቀምጬ ወደሱ መስመር እገባ ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ያዝኩ። ኮራሁም።

የፕሬዚዳንት ምርጫው ሥራ የመጣው በዚህ ኩራት መሀል ነው። የአገሩን ስም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ፤ ዛሬም አልናገርም። ውቅያኖስ ማዶ ያለ አገር ነው፣ አማርኛ የሚናገሩ ብዙ መራጮች አሉት፤ ይህ ይበቃል። ለመራጮቹ በየቋንቋቸው መደወል የሚችል ሰው ፍራንክፈርት ውስጥ ሞልቷልና ሥራው ለኛ ተሰጠ። ደንበኛው ጋዜጣ ይሁን፣ ባንክ ይሁን፣ ወይስ ከእጩዎቹ አንዱ ራሱ፣ አልተነገረንም። ብሬነርን ስጠይቀው «ደንበኛ ነው» አለኝ። አልወደድኩትም።

እጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ በሥልጣን ላይ ያሉት አዛውንት ፕሬዚዳንትና በዕድሜ የሚያንስ ተፎካካሪያቸው። መጠይቁ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመው በአንድ ቢሮ ነው። እኔ ከጀርመንኛው ጋር አመሳክሬ በየገጹ ፈረምኩ። በሦስት ዙር እንደውላለን፤ በየዙሩ መሀል ሁለት ሳምንት አለ። ደንበኛው የሚፈልገው ማን እንደሚመራ ብቻ አልነበረም፤ የመራጩ ልብ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው። ብሬነር ይህን «ነፋሱ» ይለው ነበር።

የአማርኛው ክፍል አራት ጠረጴዛ ነበረው። በመጀመሪያው ዙር ፕሬዚዳንቱ በአራቱም ላይ በሰፊው መሩ። ከዚያ አንዷ ደዋይ ልትወልድ ወጣችና በቦታዋ ደረጀ ገባ፤ ቁጥሩ አርባ አንድ።

ደረጀ አገር ቤት አስተማሪ ነበር። ዞሰንሃይም ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ጠዋት የአረጋውያን መጦሪያ ያጸዳል፣ ከቀትር በኋላ እኛ ጋ ይደውላል። ሚስቱ አዳማ ናት። እሷን ለማምጣት የውጭ አገር ዜጎች ቢሮው ቀጠሮ ከመስጠቱ በፊት ጊዜ ያልተወሰነለት የሥራ ውል ጠይቆታል። «እትዬ ወይንሸት፣ ኡንበፍሪስተት ፌርትራግ ካላመጣህ ቴርሚን አንሰጥህም አሉኝ» ብሎ የነገረኝ ራሱ ነው። የሙከራ ጊዜው በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ቋሚ ይሁን አይሁን የሚወሰነው በኔ ቅጽ ነበር።

በሁለተኛው ዙር አራተኛ ቀን ብሬነር ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ የአማርኛው መስመር ለተፎካካሪው ሽቅብ ወጥቷል። «ደንበኛው ሁለት ጊዜ ደወለ» አለኝ። «ነፋሱ ተነሣ ወይ ይላል። ከሌሎቹ ቋንቋዎች ይህን ያህል የተነቃነቀ የለም። ነፋስ ነው ወይስ አንድ ሰው ነው?»

ውጤቱን በየደዋዩ ለይቼ አወጣሁት። ሦስቱ ጠረጴዛዎች እንደነበሩ ናቸው። የአርባ አንድ ቁጥር ግን ሌላ አገር የደወለ ነበር የሚመስለው፤ ከመላሾቹ ግማሽ ያህሉ ተፎካካሪውን መርጠዋል። ደሜ ሞቀ። ባለፈው ሳምንት በትራም ውስጥ ደረጀ ስለዚሁ ምርጫ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። ሚስት የሚጠብቅ ሰው ነው፣ የሥራ ሰዓት ይፈልጋል፣ ብዙ ቃለ መጠይቅ መጨረስ ይፈልጋል። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ገጠመልኝ።

መስመሩ ውስጥ ገብቼ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። መብራቱ በርቷል። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ አንደኛው በመሀል ለልጁ ጫማ ፈለገ። ደቂቃውም ትክክል ነው። ምንም አላገኘሁበትም። ምንም አለማግኘቴ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ ጎበዝ አጭበርባሪ ነው አልኩ።

ደንቡ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ለመላሾች መልሶ መደወል ያዛል። ቀኑ ዓርብ ነው። ብሬነር በሩ ላይ ቆሞ «ከመሄዴ በፊት ለደንበኛው መልስ መስጠት አለብኝ» አለኝ። የጥሪውን ማጣሪያ ወደ ሰኞ አስተላልፌ ቅጹን ሞላሁ። «በመልሶቹ ላይ የማጭበርበር ጥርጣሬ አለ፤ ደዋይ 41» ብዬ ፈረምኩ። ብሬነር የደረጀን ቃለ መጠይቆች በሙሉ ከውጤቱ አወጣቸው። መስመሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለደንበኛው ነፋስ የለም ተባለ። እኔም ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ እራቴን በሰላም በላሁ።

ሰኞ መልሶ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ተደውሎላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አዎን፣ አንድ ጨዋ ልጅ ደውሎልኝ ነበር» አሉ።

እንደ ደንቡ ሁለት ጥያቄ ደግሜ ማንበብ አለብኝ። አነበብኩ፦ «ፕሬዚዳንቱ አገሪቱን በሚገባ መምራት ይችላሉ ይላሉ?» መለሱልኝ። ቀጠልኩ፦ «ተፎካካሪውስ አገሪቱን በሚገባ መምራት ይችላል ይላሉ?»

አሮጊቷ «ምነው ልጄ፣ ሰውየው ምን አደረጉሽ?» አሉኝ።

«ምን አልኩ እናቴ?»

«ያኛውን አንቱ ብለሽ ይሄኛውን አንተ አልሽው እኮ። ለትልቅ ነገር የቀረቡ ሰው ናቸው። ያ ልጅ ሁለቱንም በወጉ ነው የጠራቸው።» ቀጠሉም፦ «አንቺ የፕሬዚዳንቱ ወገን ከሆንሽ እሳቸውን ጻፊ። እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሄድሴቱን አውልቄ መጠይቁን አነሣሁ። በየገጹ ግርጌ ፊርማዬ አለ። ጀርመንኛው ለሁለቱም «ኤር» ይላል፤ እሱም እሳቸውም አንድ ቃል ነው። አማርኛው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለአንዱ «ይችላሉ፣ አላቸው፣ ያውቃሉ»፣ ለሌላው «ይችላል፣ አለው፣ ያውቃል» ይላል። ይህ ሁሉ የሚነበበው «ማንን ይመርጣሉ» ከሚለው ጥያቄ በፊት ነው። ሳመሳክር አልታየኝም። አንዱ ሽማግሌ ፕሬዚዳንት ናቸው፣ ሌላው ከኔ የሚያንስ ሰው ነው፤ ለጆሮዬ ልክ ነበር። ሦስቱ ታዛዥ ደዋዮች እንደተጻፈው አነበቡ፤ መላሹም ደዋዩ የማን ወገን እንደሆነ የገባው መስሎት ይሉኝታ ያዘው። ደረጀን ሳዳምጥ መብራትና ደቂቃ ስቆጥር «ሉ» እና «ል»ን አልሰማሁም።

ደረጀ ለፈረቃው ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። ጠዋት ብሬነር ደውሎ ውሉ እንደማይታደስ ነግሮታል።

«እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

«ጥያቄውን ቃል በቃል ታነባለህ?»

«አነባለሁ።»

«ስለ ተፎካካሪው የሚለውን አንብብልኝ።»

አነበበ። «ይችላሉ» አለ። ወረቀቱን አቅርቤ በጣቴ አሳየሁት። «እኔ እንጃ» አለ። «አፌ ነው። ለአገር መሪነት የቀረበን ትልቅ ሰው ለማላውቀው ሰው በስልክ እሱ ብዬ ማንሣት አልችልም። አስቤ የለወጥኩት ነገር የለም፣ እመኑኝ።»

አመንኩት። ዘግይቼ አመንኩት፤ በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ብሬነር ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ለጀርመን ማስረዳት ቀላል አይደለም። «አንዱን እጩ ሄር ፕሬዚደንት፣ ሌላውን ዴር ቱፕ እያልን ብንጠይቅስ?» አልኩት፤ «ክቡር ፕሬዚዳንት» እና «ያ ሰውዬ» እንደማለት ነው። ገባው። ግን ሰውየው ብልህ ነው፣ ወዲያው ቀዳዳውን አየ።

«ስለዚህ አርባ አንድ ጽሑፉን ለውጧል» አለ።

«ለውጧል። በአንድ ፊደል።»

«ጽሑፉን ያጸደቀው ማን ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ነገሩ በደረጀ ላይ ያልቅ ነበር። ደንቡን የጣሰው እሱ ነው፤ በጽሑፍ ሲታይ እኔ ንጹሕ ነኝ። ይህን ለአፍታ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «መልሶ መደወሉንም ሳላደርግ ነው ቅጹን የፈረምኩት።»

መጠይቁ ተስተካክሎ ለሁለቱም «ይችላሉ» ተባለ። በሦስተኛው ዙር አራቱ ጠረጴዛዎች አንድ ላይ መጡ፤ የደረጀ መስመር ከነበረበት ወረድ ብለው፣ የሦስቱ ከነበረበት ከፍ ብለው። ነፋስ ነበረ፤ ግን ደንበኛው የፈለገውን ያህል አልነበረም። ቃሉ የመላሹን ልብ ለወጠው ወይስ አፉን ብቻ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጻፍኩት ቅጽ ከደረጀ ፋይል እንዲወጣ ጠየቅሁ። የሠራተኛ ክፍሏ ሴትዮ ገጹ ቁጥር ስላለው አይወጣም አለችኝ፤ ሌላ ገጽ መጨመር ይቻላል። ጨመርኩ። ጥፋቱ የጽሑፉና የኔ እንደሆነ ጽፌ ፈረምኩ። ውሉ ታደሰለት፤ ግን ለስድስት ወር ብቻ። በዓመቱ ውስጥ የጥርጣሬ ገጽ ፋይሉ ውስጥ የገባበት ሰው ቋሚ አይደረግም፣ ጥርጣሬው ስሕተት ቢሆንም። ከዚያም እንደገና ለስድስት ወር ታደሰ፤ ቋሚ የሆነው ዓመቱ ሲሞላ ነው። የውጭ አገር ዜጎች ቢሮው ቴርሚን የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስቱ የመጣች ቀን አውሮፕላን ማረፊያ አብሬው ሄድኩ። እሱ ነው የጠራኝ፤ ለምን እንደጠራኝ አልጠየቅሁም። «ሥራ ቦታ የረዱኝ እትዬ ወይንሸት እሳቸው ናቸው» ብሎ አስተዋወቀን። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያዘገየኋት እኔ ነኝ አላልኳትም።

ጡረታ እስክወጣ ኮንትሮለር ሆኜ ሠራሁ። መጠርጠሬን አልተውኩም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ለወጥኩ። ቁጥር ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚመረመረው ጥያቄው ነው፣ ቀጥሎ ጥያቄውን ያጸደቀው፣ መጨረሻ ላይ ደዋዩ።