ጠርዙ የተቀመቀመ ባንዲራ

ወደ ስፌት ቤቱ የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። ታላቅ ወንድሜ ያሬድ ከሸማ ተራ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቁ ባንዲራ ይሰፋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የስፌት መኪናውን አላስነካኝም። መርፌና ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኝና «አራቱንም ጠርዝ ቀምቅም» አለኝ። የቤታችን ደንብ ይህ ነበር። ብዙ ባንዲራ ተያይዞ ሲታዘዝ እያንዳንዱ መጀመሪያ ጠርዙ ታጥፎና ተሰፍቶ ለብቻው ያልቃል። ከዚያ በአንድ ስፌት ብቻ ይጋጠማል።

ያሬድ አምና ክረምት ላይ ሞተ። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ከእሱ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የጋሼ መርዕድ ነው። የአምስት ጎረቤት አገር ነጋዴዎችን ማኅበር ይመራሉ። አምስቱ አገሮች አንድ ፓስፖርት፣ አንድ ገንዘብ፣ አንድ ፓርላማ ይኑራቸው ባይ ናቸው። ለስብሰባቸው አዳራሽ የአምስቱን ባንዲራ አያይዤ እንድሰፋ አዘዙኝ።

«መጋጠሚያው እንዳይታይ። ጠርዙን ቁረጥና አዋህደው።»

«ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ አንዱን ማውጣት ቢያስፈልግ ሌላውን ሳልጎዳ አላወጣውም።»

«ማን አውጣ አለህ? ሊፈታ የሚችል አንድነት ምኑን አንድነት ሆነ?»

ከጎናችን ክር የሚሸጡት እትዬ ዘሃራ ሳቁ። «መርዕድ ሙት! እዚህ ተራ አንድ ሽንት ቤት በጋራ ማስጠረግ አቅቶን፣ አንተ አምስት አገር ታዋህዳለህ?»

«እሱንም አብረን እናስጠርጋለን!» አሉ ጋሼ መርዕድ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያሬድ ቢሆን ይሰፋልኝ ነበር።»

«ያሬድም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚልዎት።»

ሥራው ከእጄ ከወጣ «ሱቁም አብሮት ሞተ» እንደሚባል አውቃለሁ። መቀሱን ግን አላነሳሁም። ጋሼ መርዕድ «በል፣ እንደ ወንድምህ ስፋው» ብለው ሄዱ።

በስብሰባው ማግስት ጋሼ መርዕድ ባንዲራውን ታቅፈው መጡ። ተሰብሳቢዎቹ በፓርላማው ጉዳይ አልተስማሙም። የአንዱ አገር ሰዎች «ሕጋችንን የምናወጣው ራሳችን ነን» ብለው ወጥተዋል። ባንዲራችንም ይነሳ ብለዋል።

«አውጣላቸው» አሉኝ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

ዳር ላይ የነበረውን የእነሱን ባንዲራ ስፌት ተረተርኩ። የወጣውም የቀሩትም ምንም አልሆኑም። ጋሼ መርዕድ የወጣውን ራሳቸው አጥፈው ለባለቤቶቹ ወሰዱ።

የወጡት ሰዎች ቆይተው ተመለሱ። ስለ ጉምሩክና ስለ መንገድ እንነጋገራለን፣ ስለ ፓርላማ ግን አይሆንም ብለው። ያንኑ ባንዲራ ይዘው ነበር። በያሬድ መኪና በቀድሞ ቦታው ገጠምኩት።

ጋሼ መርዕድ ዛሬም አንድ ፓርላማ ይላሉ። እትዬ ዘሃራም ዛሬም ይስቁባቸዋል።

እኔ የማውቀው ስፌቱን ነው። የራሱ ጠርዝ ያለው ጨርቅ ይጋጠማል፣ ይፈታል፣ ተመልሶም ይጋጠማል። ሱቁ ክፍት ነው።