ሁሉም በእትዬ ስም

እትዬ ከልደት መዝገብ ክፍል በጡረታ ከተሰናበቱ ሰባት ወራቸው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን እሳቸውን አልተሰናበተም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል፣ ገና ሻያቸውን ፉት ሳይሉ ስልኩ ይጮኻል።

«እትዬ፣ ሲስተሙ አላስገባም አለን። ፓስወርዷን ቀየሯት እንዴ?»

«እኔ እቤቴ ተቀምጬ በምን ልቀይራት? ትልቁ ፊደል በርቶባችሁ ይሆናል፤ አጥፉና ሞክሩ።»

«ገባች! ተባረኩ!» ጥርቅም።

ደህና አደሩ የለ፣ ጤናዎ እንዴት ነው የለ። እትዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው ይተነፍሳሉ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። ለአንድ ሠራተኛ በስሙ መግቢያ ለማስከፈት ሦስት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ደብዳቤውም እንደወጣ ይቀራል። ኮምፒውተር የመጣ ዕለት መግቢያ የተከፈተላቸው እትዬ ብቻ ስለነበሩ፣ ክፍሉ በሙሉ በእሳቸው ስም ሲገባ ኖረ። የይለፍ ቃሏም በወረቀት ተጽፋ ከኪቦርዱ ሥር ተለጥፋለች። እትዬ ታመው በተኙበት ሳምንት እንኳ በሲስተሙ መሠረት ስልሳ ሦስት ሕፃናት መዝግበዋል፤ ጎበዝ ተብለውበታል።

ሲወጡ ለክፍሉ ኃላፊ «ስሜን ዝጉልኝ» ብለው ነበር። «ምነው እትዬ፣ ሥራ ሊያስቆሙብን ነው?» ብሎ ሳቀባቸው።

ከዚያ ነው ከምርመራ ክፍል መጥሪያ የመጣው። ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ከጡረታ በኋላ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ያለፈቃድ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲስተም ስለመግባትዎ ቀርበው ያስረዱ፣ ይላል።

«አንቺ ሴት! ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ? እኔ ገበያ ሄደች እያልኩ?»

«አንተ ደግሞ በላዬ ላይ ቀልድ!»

ደማቸው እንደፈላ ቀረቡ። መርማሪው ረጋ ያለ ወጣት ነው። ኃላፊው ከጎኑ ተቀምጦ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኛንም ነገሩ ገርሞናል» አለ።

«ምኑ ነው የገረመህ? ትናንት ጠዋት የደወልክልኝ አንተ አይደለህ?»

መርማሪው ፈገግታውን ዋጥ አደረገ። ቢሮው ድረስ ሄዶ ከኪቦርዱ ሥር ያለችውን ወረቀት አይቷታል። «እማማ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ሠራተኞቹ በሥራ ሰዓት የገቡበት ነው። ለሱ የሚጠየቀው ክፍሉ ነው። የከበደን አንዷ ናት። ከአራት ወር በፊት የአንዲት ልጅ የልደት ዘመን ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ተቀይሯል። ይሄ መዝገብ መነካካት ነው፤ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።»

«ማን ነው ትላላችሁ?» አሉ እትዬ።

«በዚያ ወንበር ላይ ያለችው የእርስዎ ተተኪ ናት። ከሥራ ታግዳለች። እርስዎ ከጡረታ በኋላ ገብቼ አላውቅም ብለው እዚህ ጋ ይፈርሙና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

እትዬ እስክሪብቶውን ያዙ። ክዳኑን ከፍተው መልሰው ከደኑት።

ያቺን አንዷን የገቡት እሳቸው ናቸው። አንዲት እናት እቤታቸው ድረስ መጥታ አለቀሰችባቸው። ልጇ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መዝገቡ ግን አራት ይላል፤ ትምህርት ቤቱ አልቀበልም አለ፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚቀመጠው በሦስት ወር አንዴ ነው። የተመዘገበችበትን ቀን ሲጠይቋት እሳቸው ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የመዘገቧት ልጅ ሆና ተገኘች። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቁጥር አልሳትኩም እያሉ ሲኩራሩ የኖሩት እትዬ! በማግስቱ ሰላም ልበላችሁ ብለው ቢሮ ሄዱ፣ ተተኪዋን ፎቶ ኮፒ ላኳት፣ በሁለት ደቂቃ አስተካክለው ወጡ። ለልጅቷ አዝነው ነው፤ ውሸት የለበትም። ግን ይበልጡን እትዬ ተሳሳቱ እንዳይባል ነው።

አሁን ቢፈርሙ ማንም አያውቅም። ሁሉም ሰው እትዬ በሆነበት ቤት እውነተኛዋን እትዬ ማን ይለያታል?

«ተተኪዬ ምን አለች?» አሉ።

መርማሪው ወረቀት ገልጦ አነበበ። «በዕለቱ ከውጭ የመጣ ሰው የለም። ከእኔ በቀር በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። መቀየሬን ግን አላስታውስም።»

የእትዬ ፊት ቀላ። ይህችን ልጅ ሥራ ሲያስለምዷት አንድ ዜሮ ሳትሽ ብለው በሰው ፊት ያስለቀሷት እሳቸው ናቸው። «አይ ቂል! አይ የልጅ ቂል!» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጮሁት። «ውሸቷን ነው! የመጣሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ብዬ ያስወጣኋትም፣ የቀየርኩትም እኔ ነኝ። መጀመሪያውኑ የተሳሳትኩትም እኔው ነኝ!»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ደክሟቸዋል መሰለኝ…»

«አንተ ዝም በል! ስሜን ዝጋ ስልህ ብትዘጋው ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?»

«እማማ፣ በዚህ እርስዎ ሊከሰሱ ይችላሉ» አለ መርማሪው ዝግ ብሎ።

«ሰምቻለሁ። ባዶ ወረቀት ስጠኝ።»

አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ። ስሕተት የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ አጥብቀው ጻፉት፣ ከሥሩም ፈረሙ።

ሲወጡ ተተኪዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። እትዬ ሊያቅፏት ነበር፣ ንዴታቸው ቀደማቸው።

«ማን ነው ዋሺልኝ ያለሽ? እንጀራሽን ልታጪ?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ «ስሕተቱን እኮ ቀድሜ አይቼው ነበር፣ እትዬ» አለች። «እንዲያስተካክሉት ብዬ እናትየውን እርስዎ ጋ የላክኋት እኔ ነኝ።»