የእናኑን ቪዲዮ የለጠፍኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልናገር ዓመታት ኖሬያለሁ። አንባቢዬ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝና ያሻህን ፍረድ።

እናኑ እንጅባራ ውስጥ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም ያደግነው አዲስ ቅዳም አካባቢ፣ አዊኛ በሚነገርበት ቤት ነው። እሷ አፏን የፈታችበትን ቋንቋ አትደብቅም። እኔ ግን ከተማ ከገባሁ ወዲህ አዊኛ የማውቅ አልመስልም ነበር።

አንድ ቀን በወላጆች ስብሰባ ላይ ስትናገር የአማርኛው ቃል ጠፋትና ነገሩን በአዊኛ ጨረሰችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በስልኬ እየቀረጽኩ ነበር። በሐሰት ስም በከፈትኩት የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ ከመሳለቂያ ጽሑፍ ጋር ለጠፍኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። እኔው ቀረጽኩ፣ እኔው ለጠፍኩ፣ እኔው ላይኩን እያየሁ ተደሰትኩ። ሳምንት ሳይሞላ ዳንግላ ድረስ ተሰማ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ አነጋገሯን እያስመሰሉ ይጠሯት ጀመር።

ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ "ምን አድርጌያቸው ነው?" ብላ ስታለቅስ፣ "እግዜር ይይላቸው" አልኳት። እነማንን ነው የሚያየው? ከዚያ ወዲያ እናኑ ስብሰባ ላይ እጇን አላወጣችም።

ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ ቪዲዮውም አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ። ኔትወርኩ ሲመለስ እሱም ተመለሰ። እኔ ባጠፋውም ስንቱ አውርዶት ኖሯል!

ደግነቱ የእናኑም ድምፅ ተመለሰ። በገዛ ስሟ ገጽ ከፍታ ለልጆች አዊኛ ማስተማር ጀመረች። ዐረብ አገር ያለች አንዲት እናት፣ "ልጄ ከአያቷ ጋር በስልክ ማውራት ቻለች" ብላ ጻፈችላት። ያንን ሳነብ መደበቅ አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስንወጣ ነገርኳት።

"እኔ ጠላቴን ከሩቅ ነበር የምፈልገው" አለችኝ። ቀጥላም፣ "በአደባባይ አዋርደሽኝ በጆሮዬ ይቅርታ አትበይኝ። እዚያው የለጠፍሽበት ሄደሽ ተናገሪ። ስትጨርሺ ነይ፤ ለገጼ ልጆች በአዊኛ ተረት የሚያነብልኝ ሰው አጥቻለሁ።"

ልጅነት ነው አልልም፤ ቀልድ ነበር አልልም። በራሴ አፍሬ እሷን አሳፈርኩ። ይኸው ይህን በስሜ፣ ከፎቶዬ ጋር ለጥፌዋለሁ።

እናኑ እስካሁን ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አላስቸኩላትም። ዛሬ ጠዋት ግን ቅዳሜ አብረን የምናነበውን ተረት በስልኬ ልካልኛለች።