ቀዩ በዛ፣ አባዬ

አሮጌ ቴሌቪዥን ሲግል የሚወጣው የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ባገኘው ቁጥር፣ መቱ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

አባቴ ጋሼ ይልማ አሮጌ ባለከለር ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ከጎሬም ከሁሩሙም የተጣለውን እየገዛ፣ የአንዱን የመስታወት ቱቦ ፈትቶ ለሌላው እየገጠመ፣ የተረፈውን ግድግዳ ሥር ይደረድር ስለነበር፣ ውሎ አድሮ መስኮታችን ተደፈነ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከስክሪኑ ፊት በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። እሱ ከጀርባ ሆኖ ትንንሾቹን ብሎኖች በካቻቢቴ እያዞረ፣ «አሁንስ?» ይለኛል።

«ቀዩ በዛ፣ አባዬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን የሰው ፊት ሆነ።»

ሌሎች ጠጋኞች ፊት ለፊት መስታወት አቁመው ብቻቸውን ይሠሩ ነበር። አባቴ ግን ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ «ለእናትሽም እንዳትነግሪ፤ ከለር ለማይለይ ሰው ማን ከለር ቴሌቪዥን ያመጣል?» ብሎኛል።

በጋ ሲገባ ሥራው ይብስ ነበር፤ ገበሬው ቡናውን ሸጦ እጁ ገንዘብ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ይመጣል፣ እኔም ጓደኞቼ ውጭ ሲጫወቱ ድምፃቸውን ብቻ እሰማ ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ፣ ጅማ ያለችው አክስቴ «እኔ ጋ ትማር» ብላ ላከች። አባቴ «አይሆንም» አለ። እናቴ ለምን ብትለው ወደ ብሎኖቹ ዞረ፤ እኔንም ብትጠይቀኝ ዝም አልኩ። ብናገር አባቴን አዋርዳለሁ፣ ዝም ካልኩ በርጩማው ላይ እቀራለሁ።

ነሐሴ ላይ ወባ ጣለኝ። እኔ ተኝቼ ሳለ አባቴ የኦቦ ገመቹን ቴሌቪዥን ብቻውን አስተካክሎ ሰጣቸው። ኦቦ ገመቹ የሁሩሙ ማር ነጋዴ ነበሩ፤ ወዲያው አሸክመውት ተመለሱና ሳሎን ውስጥ ከፈቱት። «ዋዮ፣ ጋሼ ይልማ! ሰዉ ሁሉ ጎመን መሰለ እኮ!» ብለው ሳቁ።

አባቴ አልሳቀም። እናቴ ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያም ጋቢ ለብሼ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየች።

እንግዳው ሲወጡ አልተቆጣችም። ነጠላዋን ጥላ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና፣ «በል አዙረው፤ እኔም ዓይን አለኝ። ልጄን ልቀቃት» አለችው። አባቴ ካቻቢቴውን ይዞ ከጀርባ ዞረና፣ ሰምቼበት በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «አሁንስ?» አላት።

መስከረም ላይ ጅማ ሄድኩ።

ዛሬ አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ከለሩን ራሱ ያስተካክላል፣ የአባቴን በር የሚያንኳኳ ደንበኛም የለም። እኔ የምኖረው በደሌ ነው። ልጠይቃቸው መቱ ስሄድ፣ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቀድሞኝ ይነሣና፣ «ሚኒባሱ ሳያመልጥሽ ሂጂ» ይለኛል። በልጅነቴ ይህቺን «ሂጂ» ከአፉ ለመስማት ስንቴ ስለት እንደተሳልኩ አያውቅም። አሁን ግን ሲለኝ፣ ቦርሳዬን ለማንሣት እዘገያለሁ።