የድንቹ ዘንቢል

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ሚስቱን ከቀበረ ገና ሰባት ወሩ ነው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድንች የሚተክለው ብርዱ ሲያልፍ ነው። እሱና ሚስቱ ግን ብርዱ ሳይገባ ጠለቅ አድርገው ይተክሉና ጭድ ያለብሱታል፤ ከሰው ሁሉ ቀድመውም አዲስ ድንች ይበላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቱ «እነዚህስ ለየላቸው!» ብሎ ስቆባቸው ነበር።

ዘዴው የእሷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ሲቆፍር፣ እሷ ዘንቢሏን ይዛ ከኋላው እየተከተለች ድንቹን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ እሱ አፈሩን ይመልሳል።

«ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ዓይኑ ወደ ላይ መሆኑን ልይ!»

«አሁንስ አበዛሽው! ድንች ነው የምንተክለው ወይስ ሙሽራ ነው የምናስተኛው?»

ዘንድሮም ጊዜው ሲደርስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጠዋት ዘንቢሉን አጥሩ ሥር አኖረና አራት መስመር ቆፈረ። ከዳር ተነሥቶ አፈሩን መለሰ፤ ጭዱንም አለበሰ። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል መደቡ እንደ ተተኮሰ ልብስ አምሮ ታየው።

«እንዴት ነው፣ ወጣልኝ?» አለ ጮክ ብሎ።

ወደ ኋላው ዞር አለ። ዘንቢሉ አጥሩ ሥር እንደ ሞላ ነው፤ አንድ ድንች አልጎደለም።

ለካ የራሱን ድርሻ ብቻ ነው የሠራው።