ሰው ያሳቅሁባቸው እትዬ ዘሀራ

እትዬ ዘሀራ ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ጦርነቱ ከካርቱም ሲበትነን እርሳቸው «በዚህ ዕድሜዬ ወዴት እሄዳለሁ?» ብለው ከክፍላቸው አልነቃነቅም አሉ፤ እዚያው ታመው እዚያው ተቀበሩ። ለቅሶ ተቀምጠን በወጉ ልናዝንላቸው ስላልቻልን፣ በያላችሁበት ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ውዳሴ ብቻ ጽፌ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን ኅሊናዬ እምቢ አለኝ።

እትዬ ዘሀራ ከወሎ መጥተው ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ጁምዓ የዕረፍት ቀናቸው ስለነበረ፣ እኛ በምንኖርበት ዴም ሰፈር ከቤታችን ጎን በተከራዩዋት ክፍል ደጃፍ ተቀምጠው የሰፈሩን ተማሪዎች ያስጠኑ ነበር። ባሚያቸውን እየከተፉ «ያላ፣ ደብተርሽን ዝጊና ንገሪኝ» ይሉኛል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ገጹን ሸምድዶ መልቀቅ ብቻ ነው። «እሱማ መጽሐፉ ያለው ነው፤ አንቺስ ምን ገባሽ?» ሲሉኝ ወደ ደብተሬ አጮልቃለሁ። «አብሽሪ፤ እኔ ማይሟ ከገባኝ ለአንቺም ገብቶሻል ማለት ነው» ይላሉ። ደም በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ሳስረዳቸው ሦስት ጊዜ ወደ መጽሐፉ መልሰውኛል። በአራተኛው «አሁን ገባኝ!» ሲሉ ከእርሳቸው ይልቅ እኔ ደነገጥኩ፤ ለካ ለእኔም ገና መግባቱ ነበር።

አንድ ጁምዓ ግን ሰንፌ ሄድኩ። ትምህርቱ ስለ ጨረቃ ነው፤ ገጹን ጭራሽ አልገለጥኩትም። «እሺ፣ ብርሃኗን ከየት ታመጣለች?» አሉኝ። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

«የራሷ እሳት አላት። ወር ሲያልቅ ይከስምና እንደገና ይያያዛል» አልኳቸው።

«ሱብሃነላህ!» ብለው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። መጽሐፉን ከፍተው እንደማያነቡ አውቄ ነው የዋሸኋቸው። ወይ እኔ!

በዚያው ዓመት ረመዳን ሲያበቃ የሰፈሩ ሴቶች የዒድን ጨረቃ ለማየት ጣራ ላይ ወጣን። ቀጭኗ ጨረቃ ብቅ ስትል እትዬ ዘሀራ በደስታ «ይኸው፣ እሳቷ ተያያዘ!» አሉና ከእኔ የሰሙትን ለሁሉም ያስረዱ ጀመር። በእንግድነት የመጣች አንዲት የተማረች ሴት «ይህን ደግሞ ማን ነገረዎት? የፀሐይ ብርሃን እኮ ነው የሚያርፍባት!» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሏት። እትዬ ዘሀራ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ አቀረቀርኩ።

«ማንም አልነገረኝ፤ ከራሴ አውጥቼ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ባገኛቸው ቁጥር «እትዬ፣ እሳቷ ተያያዘ ወይ?» እያለ ሲቀልድባቸው ኖረ። ይህን ከምታነቡት መካከልም የቀለዳችሁ አላችሁ። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ አብሬ ስቄያለሁ።

በቀጣዩ ጁምዓ እየፈራሁ ሄድኩ። ቁጣ ስጠብቅ እንደ ወትሮው ባሚያቸውን አቅርበው «ዛሬ የምታውቂውን ተዪው፤ ያልገባሽን ብቻ ንገሪኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ትምህርትም እንደዚያው ነው» አሉኝ። መክተፋቸውንም ቀጠሉ። ያን ቀን ያልገቡኝን ስቆጥር ዋልኩ፤ አንዷን ዋናዋን፣ የጨረቃዋን፣ ግን ዋጥኳት። ፈተናውን አለፍኩ። ዛሬ መምህርት ነኝ፤ ተማሪዎቼ ሳይፈሩ «አላውቅም» እንዲሉ አስተምራለሁ። የራሴን ይቅርታ ግን ዒድ በመጣ ቁጥር ለሚቀጥለው ዒድ ሳሳድር ኖርኩ።

እትዬ ዘሀራ፣ አላህ በጀነት ያንበሽብሽዎት። ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን ዛሬ የሳቁብዎት ሁሉ ይስሙት። ከራስዎ አላወጡትም፤ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ያን ሳምንት አላጠናሁም ነበር።