ያለ ሞት የተነፋው ጥሩንባ

በለጠ፣ ጸጋዬ፣ ለማ፣ ዘነበች፣ አምስተኛው እኔ። ዘመሮ መንደር አብረን ያደግን ልጆች ነበርን። በለጠ የሠርግ ዘፈን በዋሽንት ይጫወታል። ጸጋዬ የቄስ ልጅ ስለሆነ ከማሕሌት የሰማውን ዜማ በሌላ ዋሽንት ያስከትላል። ለማ ረጅምና ወፍራም ዋሽንት ነበረው። ዘነበች ከእርጥብ የገብስ አገዳ የምትሠራት ፊሽካ እንደ ግልገል ትጮኻለች።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ የማርታ ስልክ ነው። ባለፈው ሰሞን "አባዬ፣ እስቲ ይህን ይስሙት" ብላ አምስት ብራዚላውያን አሳየችኝ። የሠፈራቸውን ጭፈራ ከአውሮፓ የአዳራሽ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው በትንፋሽ መሣሪያ ብቻ ይጫወታሉ። አራቱ ቱቦ መሰል ነገር ይዘዋል፤ አንዷ ሴት ግን የተጠቀለለ የናስ ቀንድ ትነፋለች። ቀንዱ ከሥር ሲገባ ጨዋታው ሁሉ መሬት ያዘ። ማርታ ደብረ ብርሃን ሄዳ እንዲህ ያለ ነገር መማር ትፈልጋለች። "አይሆንም" ብዬ ተነሣሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም ትጠይቀኛለች።

እኛም የጎደለን ያ ከሥር የሚገባ ድምፅ ነበር። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፤ በወላጆች ቀን እንድንጫወት አስተማሪያችን ፈቅደውልናል። አባቴ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ብቻ የሚነፋው ጥሩንባ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። አውርጄ ይዤው ስመጣ በለጠ ደነገጠ።

"ተው፣ እሱ አይነካም።"

"በቀስታ ነው የምነፋው" አልኩት።

ሰኔ ማብቂያ ነበር። ክረምቱ ሳይቀድም የበልጉን ገብስ ለመውቃት አገሩ ሁሉ አውድማ ላይ ውሏል። የጭዱ ሽታና የበሬ ነጂዎቹ ዜማ ከትምህርት ቤቱ በላይ እስካለው አፋፍ ድረስ ይመጣ ነበር። እዚያ ቆመን ጀመርን። ሠርጉና ማሕሌቱ ሲገናኙ ጣመኝና ሳንባዬ ባዶ እስኪሆን ነፋሁ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

አውድማው ጸጥ አለ። ጥሩንባ ተነፍቶ ሥራ መቀጠል ነውር ነው፤ ሰው ሁሉ መንሹን ጥሎ፣ አልጋ ከያዙ ወደ ሰነበቱት ወደ አባ ወልዴ ቤት ሮጠ። እሳቸው ቁጭ ብለው ይበላሉ።

"ምነው ቸኮላችሁ? ገና ነኝ! ንፍሮዬን ልጨርስ እንጂ" አሉ።

የሳቀም ነበር። ነገር ግን ጥሩንባ ያለ ሞት አይነፋምና የሞተው ሰው የግድ መገኘት ነበረበት። እትዬ አስካለ "ወንድሜ ነው! መርዶውን ደብቃችሁኝ ነው!" እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። ቤት ለቤት ተዞረ። ማንም አልጎደለም። ያን ጊዜ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አውድማ ላይ የተበተነውን ገብስ የሸፈነ አልነበረም፤ ሰዎቹ ሲመለሱ እህሉ ከጎርፉ ጋር ቁልቁል ይወርዳል።

አባቴ አፋፉን ሲወጡ ባየሁ ጊዜ ጥሩንባውን በለጠ እጅ ላይ አኖርኩት። "ማነው የነፋው?" አሉ። "በለጠ ነው" አልኩ። በለጠ አየኝ፤ አልካደም። በሕዝብ ፊት ተገረፈ። እኔ ከገራፊው ጎን ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ አሳድጋለሁ፤ ዋሽተው ከተገኙም አልምራቸውም። ዛሬ ሰው ሲሞት ስልክ ይደወላል፤ ጥሩንባ ቢነፋም ሥራውን ጥሎ የሚሮጥ ጥቂት ነው። ያን ቀን ግን የማን ሞት እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ አንድ ሳይቀሩ ሮጠዋል። የአሥራ አንድ ቤት የዓመት ቀለብ በዚያ ጠፋ። አሥሩ ቤት ዘር ተበዳድሮ በዓመቱ ዘራ። ለበለጠ አባት ግን የሚያበድር አልተገኘም፤ ሚስቱንና በለጠን ጨምሮ ሦስት ልጆቹን ይዞ ቆላ ወረደ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም።